ችግርን ከማብሰልሰል ወደ መፍትሔ፦ በደብተርና በእስክርቢቶ የሚሠራ መመሪያ

«ችግሩንማ አውቀዋለሁ። ሌሊቱን ሙሉ ሳብሰለስለው ነው የማድረው። የጠፋኝ መፍትሔው ነው። ከየት ልጀምር?»

ይህን ጥያቄ በየሳምንቱ ማለት ይቻላል እሰማለሁ። ሱቅ ያላቸው ይጠይቁኛል። ተማሪዎች ይጠይቁኛል። ከልጃቸው ጋር መግባባት ያቃታቸው ወላጆችም እንዲሁ። በቃል ስመልስ ግማሹ ይረሳል። ስለዚህ ደረጃ በደረጃ ጽፌዋለሁ።

ችግርን ደጋግሞ ማሰብ ያደክማል። ስለደከመን ሥራ የሠራን ይመስለናል። ሲነጋ ግን ነገሩ እዚያው ነው። ይህ መመሪያ ያንኑ ጉልበት ወስዶ ሌላ ጥያቄ ላይ ያውለዋል። ጥያቄው ይህ ነው፦ ችግሩ ያልደረሰበት ወይም ቀለል ያለበት ጊዜ መቼ ነበር? ያኔ ምን ተለየ?

ደረጃዎቹን የማሳያችሁ በአንድ ጉዳይ ነው። አንዲት ጎረቤት አሉኝ፤ እትዬ እላቸዋለሁ። እንጀራ ጋግረው ለሁለት ካፌ ያስረክባሉ። በቀን 80 እንጀራ፣ እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት። ወደ እኔ የመጡት «መብራት እየጠፋ ትዕዛዝ ይዘገይብኛል፤ ደንበኞቼ ሊሸሹኝ ነው» ብለው ነው። ታሪካቸውን ለሌላው እንድነግር ፈቅደውልኛል።

ቅድሚያ ማስጠንቀቂያ

ዘዴው ለሁሉም ነገር አይሆንም። እነዚህን አስቀድማችሁ ለዩ።

አደጋ ያለበት ነገር። ጋዝ ከሸተታችሁ፣ የመኪናው ፍሬን ከላላ፣ የኤሌክትሪክ ምጣዱ ከነዘራችሁ፣ መንስኤውን ፈልጎ ማስጠገን ብቻ ነው የሚያዋጣው። «ያልነዘረኝ ቀን መቼ ነበር?» የሚባል ነገር የለም። አጥፉት፣ ባለሙያ ጥሩ። የሰውነት ሕመምም እንዲሁ ነው፤ መንስኤውን ሐኪም ይፈልግ።

ሐዘን። ሞት መፍትሔ የሚፈለግለት ጉዳይ አይደለም። ለቅሶ ቤት ገብቶ «እንግዲህ አሁን ምን ለማድረግ አሰብሽ?» ማለት ቁስል መነካካት ነው። ዝም ብላችሁ አብራችሁ ተቀመጡ።

ጥቃት። ባሏ የሚመታትን ሴት «ያልመታሽ ቀን ምን አድርገሽ ነበር?» ብላችሁ በፍጹም አትጠይቁ። ጥያቄው ጥፋቱን ከመቺው ላይ አንስቶ እሷ ላይ ይጭነዋል። እዚህ የሚቀድመው ደኅንነቷ ነው፦ የምታምነው ሰው ቤት፣ ፖሊስ፣ የሕግ ድጋፍ።

ከአቅም በላይ የሆነ ጭንቀት። ሁለት ሳምንት ያህል እንቅልፍና ምግብ እምቢ ካለ፣ ድሮ ደስ የሚለው ነገር ሁሉ ካስጠላ፣ ወደ ባለሙያ ሂዱ። ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከመጣ ደግሞ ደብተሩን ተዉት። ዛሬውኑ ለምታምኑት ሰው ተናገሩ፣ ሆስፒታልም ሂዱ።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

- አንድ ደብተር። ቁርጥራጭ ወረቀት አይሆንም። ደረጃ 4 እና ደረጃ 7 ላይ ወደ ኋላ መመለስ አለባችሁ፤ ቁርጥራጭ ይጠፋል።
- እስክርቢቶ። ስትሳሳቱ በመስመር ሰርዙት። የተሰረዘውን ማየት በኋላ ይጠቅማል።
- ሰዓት ወይም የስልክ ማንቂያ። ማንቂያውን ከሞላችሁ በኋላ ስልኩን ከእጃችሁ አርቁት።
- ለመጀመሪያው ቀን 45 ደቂቃ፣ ከዚያ በኋላ በየቀኑ 5 ደቂቃ።
- ያለፉት ሁለት ሳምንታት ማስረጃ፦ የሽያጭ ደብተር፣ የስልክ ጥሪ ዝርዝር፣ የፈተና ወረቀት፣ ያላችሁ ሁሉ። ከሌላችሁ ከዛሬ ጀምራችሁ ለአንድ ሳምንት መዝግቡና ተመለሱ።
- ካገኛችሁ፣ የሚያዳምጥ እንጂ የማይመክር አንድ ሰው።

ሰዓቱን በተመለከተ፦ የመጀመሪያውን ቀን ሥራ ሌሊት አትሥሩት። ከመኝታ በፊት የተከፈተ ችግር አልጋ ድረስ ይከተላል። ቀን ላይ፣ ሆድ ሳይርብ ሥሩት።

ደረጃ 1፦ ችግሩን ለ10 ደቂቃ ጻፉ፣ ከዚያ አቁሙ

ማንቂያውን 10 ደቂቃ ላይ ሙሉ። የሚያንገበግባችሁን ሁሉ ጻፉ። ሰዋስው አትጠብቁ። ማንቂያው ሲጮህ አቁሙ።

ይህን ደረጃ ዘልለው ቀጥታ ወደ መፍትሔ መሄድ የሚፈልጉ አሉ። አትዝለሉት። ያልተነገረ ብሶት በየደረጃው ብቅ እያለ ሥራውን ያበላሻል። 10 ደቂቃ የተባለው ደግሞ ብሶት ማብቂያ ስለሌለው ነው።

አሁን የጻፋችሁትን አንብቡ። «ሁልጊዜ»፣ «ማንም»፣ «ምንም»፣ «በጭራሽ» የሚሉ ቃላትን ፈልጋችሁ አስምሩባቸው። በእያንዳንዳቸው ቦታ ቁጥር ወይም ቀን አስገቡ። እትዬ «ሁልጊዜ ይዘገይብኛል» ብለው ነበር። የማስረከቢያ ደብተራቸውን ስናይ ከ14 የሥራ ቀን የዘገዩት 6 ቀን ነው። 6 ቀን ብዙ ነው፤ ደንበኛ ያስቆጣል። ሆኖም 8 ቀን በሰዓቱ ደርሷል ማለት ነው፣ ያ 8 ቀን «ሁልጊዜ» የሚለው ቃል ሥር ተደብቆ ነበር።

በመጨረሻም ችግሩን በሁለት ዓረፍተ ነገር ጠቅልላችሁ ጻፉ። ከሁለት አይብለጥ።

ደረጃ 2፦ እጃችሁ ላይ ያለውንና የሌለውን ለዩ

ገጹን በመስመር ለሁለት ክፈሉ። በግራ «እጄ ላይ የለም»፣ በቀኝ «እጄ ላይ ነው» ብላችሁ ጻፉ። ችግሩን የሚነኩ ነገሮችን በሁለቱ አምድ ደርድሩ።

የእትዬ ግራ አምድ፦ የመብራት መጥፋት፣ የጤፍ ዋጋ፣ የካፌው ሥራ አስኪያጅ ጠባይ፣ የታክሲ ሰልፍ። ቀኝ አምድ፦ አብሲት የሚጥሉበት ሰዓት፣ ምጣድ የሚያበሩበት ሰዓት፣ ስንት እንጀራ ማታ እንደሚጋገር፣ መዘግየቱን ለካፌው የሚናገሩበት ሰዓት።

ምክንያቱ ግልጽ ነው። የግራውን አምድ ስናብሰለስል እንውላለን፣ የሚንቀሳቀሰው ግን የቀኙ ነው። የግራውን ግን አትቅደዱት። እውነት ነውና ይቀመጥ።

ደረጃ 3፦ «እንዳይ» የሚለውን ቃል አስወጡ

የምትፈልጉትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉ። ብዙ ሰው የሚጽፈው «ትዕዛዝ እንዳይዘገይ»፣ «ልጄ ስልክ ላይ እንዳያፈጥ»፣ «ፈተና እንዳልወድቅ» ነው። «እንዳይ» እና «እንዳል» ያለበት ግብ ግብ አይደለም፤ ችግሩ ራሱ ነው፣ ልብሱን ለውጦ የመጣ። አእምሮ «እንዳይዘገይ» ሲባል የሚያየው መዘግየትን ነው።

ስለዚህ ጥያቄው «ባይዘገይ በቦታው ምን ይኖራል?» ይሁን። መልሱ በዓይን የሚታይ፣ በሰዓት የሚለካ ይሁን። «ልጄ ስልክ ላይ እንዳያፈጥ» የነበረው «ማታ ከ1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት አብረን እራት እንበላለን፣ ስልኮቹ ሌላ ክፍል ናቸው» ይሆናል። ይህኛውን መሥራት ይቻላል።

ካስቸገራችሁ ይህን ሞክሩ። ዛሬ ማታ ተኛችሁ እንበል። እናንተ ተኝታችሁ ሳለ ችግሩ በተአምር ተፈታ። ተኝታችሁ ስለነበር ግን አላወቃችሁም። ጠዋት ስትነሡ ነገሩ መፈታቱን የሚነግራችሁ የመጀመሪያው ምልክት ምንድነው? ቀጥሎስ ማን ምን ያስተውላል?

ይህ «የተአምር ጥያቄ» ይባላል። በአሜሪካ የሚልዋኪ ከተማ ስቲቭ ዴ ሼዘርና ኢንሱ ኪም በርግ የተባሉ ባልና ሚስት የምክር ባለሙያዎች ከባልደረቦቻቸው ጋር ካዳበሩት መፍትሔ ተኮር የምክር አገልግሎት የመጣ ነው። የሚቀጥሉት ሁለት ደረጃዎችም ከዚያው የተወሰዱ ናቸው።

እትዬ ጥያቄውን ስጠይቃቸው መጀመሪያ «መብራት አይጠፋማ!» አሉ። ያ ግራ አምድ ነው። «እሺ እትዬ፣ እርስዎ ጋስ ምን ይታያል?» አልኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው «4 ሰዓት ላይ ቡናዬን አፍልቼ ቁጭ ብያለሁ። ስልኬ አይጮህም» አሉ። ደብተሩ ላይ የገባው ይህ ነው። 80 እንጀራ ደርሷል ከሚለው ይልቅ ቡናው የበለጠ ይናገራል፤ ለምን እንደሚለፉ ያሳያልና።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። አማርኛችን ውስጥ ለመፍትሔ የተዘጋጁ ጥያቄዎች ሞልተዋል፤ የምንጠቀምባቸው ግን ለብሶት ነው። «ምን ይሻለኛል?» እንላለን፣ መልሱን ሳንጠብቅ። «እንዴት ልሁን?» እንላለን፣ ከዚያ እንተነፍሳለን። በሚቀጥለው ጊዜ «ምን ይሻለኛል?» ከአፋችሁ ሲወጣ ያዙት። እንደ እውነተኛ ጥያቄ ቁጠሩትና ከሥሩ መልስ ጻፉ።

ደረጃ 4፦ ችግሩ ያልደረሰበትን ቀን ፈልጉ

ዋናው ደረጃ ይህ ነው። ጊዜ ካጠራችሁ ሌላውን አሳጥሩ፣ ይህን ግን በሙሉ ሥሩት።

ከሞላ ጎደል ማንኛውም ችግር የሚቀንስበት ሰዓት፣ ቀን ወይም ቦታ አለው። ያ ጊዜ የመጣው በአጋጣሚ ይመስለናል፤ ስለዚህ አንመረምረውም። የከፋውን ቀን ግን በዝርዝር እናስታውሳለን፦ ማን ምን አለ፣ በስንት ሰዓት፣ በምን ድምፅ። አሁን ያንኑ የመርማሪ ዓይን በተቃራኒው ቀን ላይ አድርጉ።

እንዲህ ሥሩት፦

ሀ. ማስረጃችሁን አውጡና ቀናቱን በሁለት ክፈሉ፦ ችግሩ የደረሰባቸውና ያልደረሰባቸው።

ለ. ያልደረሰባቸውን አንድ በአንድ ውሰዱ። ከዋዜማው ምሽት ጀምሩ። በስንት ሰዓት ተኛችሁ? በስንት ተነሣችሁ? ማን ቤት ነበር? መጀመሪያ የነካችሁት ሥራ ምን ነበር? ምን አልሠራችሁም?

ሐ. «ዕድል ነው» የሚል መልስ ከመጣ ተቀበሉት፣ ግን «ዕድሉ በምን በኩል ገባ?» ብላችሁ ጨምሩ።

መ. የሚደጋገመውን ክበቡ።

የእትዬን 14 ቀን እንዲህ ስንከፍለው ያልጠበቅነው ነገር ወጣ። ከዘገዩት 6 ቀናት መብራት የጠፋው በ2ቱ ብቻ ነበር። በቀሩት 4 ቀናት መብራት ነበረ፤ የዘገየው ሊጡ ነው። አብሲት የጣሉት ከሌሊቱ 11 ሰዓት ሲነሡ ነው። ሊጡ ኩፍ እስኪል 2 ሰዓት ያህል ይፈጃል። መጋገር የጀመሩት ከጠዋቱ 1 ሰዓት። አንድ እንጀራ ከነመሰፋቱና ከነማውጣቱ 3 ደቂቃ ቢወስድ፣ 80 እንጀራ 4 ሰዓት ነው። 5 ሰዓት ይሆናል ማለት ነው። ገና ሳይጀምሩ ዘግይተዋል።

በሰዓቱ የደረሱት 8 ቀናትስ? በ5ቱ ቀን ልጃቸው የጠዋት ተረኛ ነበረች። እሷን ለመሸኘት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ይነሣሉ፤ ሻይ እስኪፈላ አብሲቱን ይጥላሉ። 11 ሰዓት ላይ ሊጡ ደርሷል። 3 ሰዓት ላይ 80ው አልቋል። በ2 ቀን አንዱ ካፌ ዝግ ስለነበር ትዕዛዙ ግማሽ ነው።

አንድ ቀን ቀረ። ያን ቀን ጠዋት መብራት ጠፍቶ ነበር። እንጀራው ግን በሰዓቱ ደርሷል! «ይሄ እንዴት ሆነ?» አልኳቸው። ሲያስቡት ሲያስቡት ትዝ አላቸው። ጠዋት ቀብር ስለነበረባቸው ከዋዜማው ማታ ጋግረው ነው ያደሩት። አቀዝቅዘው፣ ሸፍነው አሳድረውት ነበር፤ ካፌውም አንድም ቅሬታ አላቀረበም።

መብራት ቢጠፋም የተወጡበት መንገድ ደብተራቸው ውስጥ ነበር። እሳቸው ግን ያን ቀን የሚያስታውሱት በቀብሩ ነው። እኔም ከዚህ ጉዳይ በኋላ ማንንም ሰው ሳነጋግር «ችግሩ ያልደረሰበት ቀን መቼ ነበር?» ብዬ ሳልጠይቅ አላልፍም።

ምንም የተለየ ቀን ካላገኛችሁ ጥያቄውን አጥብቡ። «ያልተጣላንበት ቀን» ከሌለ «በቶሎ የታረቅንበት ቀን» ይኖራል። ሒሳብ በሙሉ የሚከብደው ተማሪ በየትኛው ምዕራፍ ትንሽ የተሻለ እንዳገኘ ፈተና ወረቀቱ ይነግረዋል። እሱም ካልተገኘ የመጨረሻው ጥያቄ ይህ ነው፦ «ይህን ሁሉ ችዬ እስካሁን እንዴት ቆየሁ?» መልሱ ውስጥ የሚረዳችሁ ሰው፣ ልማድ ወይም ጸሎት ታገኛላችሁ። እሱን ክበቡት።

ደረጃ 5፦ ከ0 እስከ 10 መስመር ላይ ቁሙ

አግድም መስመር አስምሩ። 0 የከፋው ጊዜ ነው። 10 በደረጃ 3 የጻፋችሁት ጠዋት ነው። ዛሬ የት ናችሁ? ብዙ ሳታስቡ ቁጥር ጻፉ።

ከዚያ በዚህ ቅደም ተከተል መልሱ። ቅደም ተከተሉን አትቀይሩ።

መጀመሪያ፦ ለምን ከዚህ ዝቅ አላለም? ቢያንስ ሦስት ነገር ጻፉ። ቁጥራችሁ 2 ቢሆንም፣ ለምን 0 አልሆነም? እትዬ 4 አሉ። ምክንያታቸው፦ ካፌዎቹ እየተቆጡም ቢሆን አሁንም ያዛሉ፤ እንጀራቸው ዓይኑ ጥሩ ነው፣ ተመልሶ አያውቅም፤ ብድር የለባቸውም።

ቀጥሎ፦ አንድ ቁጥር ከፍ ቢል ምን ይታያል? 10 እንዴት እንደሚደረስ አትጠይቁ። ከ4 ወደ 5 ብቻ።

ለምን በዚህ ቅደም ተከተል? ሰው «ምን ጎደለኝ?» ብሎ ሲጀምር ዝርዝሩ ይረዝማል፣ ጉልበቱ ያልቃል። ያለውን ቆጥሮ ሲጀምር የሚቀጥለው እርምጃ መነሻ ያገኛል። ቁጥሩ በራሱ ትክክል መሆን አለመሆኑ አያስጨንቃችሁ። ከሌላ ሰው ቁጥር ጋርም አታወዳድሩት። የሚጠቅመው የዛሬውን ከሳምንት በኋላ ካለው ጋር ለማየት ነው።

ደረጃ 6፦ አንድ ትንሽ ሥራ ምረጡና ከሰዓት ጋር እሰሩት

ከደረጃ 2 ቀኝ አምድና በደረጃ 4 ከከበባችሁት ተነሥታችሁ የምትችሏቸውን ሥራዎች ዘርዝሩ። አምስት ወይም ስድስት ይበቃል። ከመካከላቸው አንድ ምረጡ። መለኪያው፦ ነገ የሚጀመር፣ ገንዘብ የማይጠይቅ ወይም በጣም ትንሽ የሚጠይቅ፣ የሌላ ሰው ፈቃድ የማይፈልግ።

ጄኔሬተር መግዛት መፍትሔ ነው፤ ግን ነገ አይጀመርም። ነገ የማይጀመር ሥራ እንደገና ሐሳብ ይሆናል፣ ሐሳቡም ሌሊት ይመጣል። ለብቻው ገጽ ላይ ጻፉትና «ይቆይ» በሉት።

የመረጣችሁትን «… ሲሆን፣ … አደርጋለሁ» በሚል ቅርጽ ጻፉ። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፒተር ጎልዊትዘር በሰፊው ያጠናው አቀራረብ ነው። የሚሠራበት ምክንያት ቀላል ነው፦ ሰዓቱ ሲደርስ «አሁን ላድርገው ወይስ?» የሚለው ክርክር አስቀድሞ አልቋል።

የእትዬ እንዲህ ነበር፦ «ከሌሊቱ 9 ሰዓት ማንቂያው ሲጮህ፣ ልጄ ተረኛ ብትሆንም ባትሆንም፣ ተነሥቼ አብሲት እጥላለሁ።» አንድ ብቻ። የማታውን ጋገራ ለሁለተኛው ሳምንት አቆየነው። «ሁለቱንም ብጀምረውስ?» ብለውኝ ነበር። እንዳይጀምሩት ለመንኳቸው። ሁለት ነገር አንድ ላይ ከለወጡ የትኛው እንደሠራ አይታወቅም። አንዱ ሲሰናከል ደግሞ ሁለቱም ይተዋሉ።

ደረጃ 7፦ ለ7 ቀን ሞክሩ፣ በየማታው ሦስት መስመር ጻፉ

1. ዛሬ አደረግሁት? (አዎ ወይም አላደረግሁም)
2. ዛሬ ቁጥሬ ስንት ነው?
3. ዛሬ ትንሽ እንኳ የተሻለ የሄደ ነገር ምንድነው?

በሰባተኛው ቀን አንብቡት። የሠራውን አትንኩት፣ ቀጥሉበት። ያልሠራውን አታሻሽሉት፤ በሌላ ቀይሩት። ያልሠራን ነገር «ጠበቅ አድርጌ ብሠራው ይሆናል» ማለት የብዙዎቻችን ልማድ ነው። ጠዋት በጩኸት ያልተነሣ ልጅ በባሰ ጩኸት አይነሣም።

እትዬ በመጀመሪያው ሳምንት 4 የነበረው 6 ሆነ። በሁለተኛው ሳምንት «ማታ መብራት ካለ፣ 20 እንጀራ ጋግሬ አሳድራለሁ» የሚለውን ጨመሩ፤ ለዚያ የሚሆን ሊጥ በትንሿ ቡሃቃ ለይተው አስቀመጡ። በሦስተኛው ሳምንት አንድ ቀን ዘገዩ። ያን ቀን ግን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ራሳቸው ደውለው ለካፌው ነገሩ። የካፌው ሰው «ችግር የለም እማማ» ብሎ ስልኩን ዘጋ። ቀድሞ መደወል ያን ያህል ይለውጣል ብለው አላሰቡም ነበር።

ለሌላ ሰው ስትጠቀሙበት

ሚስታችሁ፣ ጓደኛችሁ ወይም የሥራ ባልደረባችሁ ችግሩን ይዞ ሲመጣ መመሪያውን ሸምድዳችሁ አትውረዱበት። መጀመሪያ አዳምጡ። የሚናገረው ሰው ገና ደረጃ 1 ላይ ነው፤ 10 ደቂቃው የእሱ ነው። ቶሎ ብሎ «ታዲያ መፍትሔው ምንድነው?» ማለት «ዝም በል» እንደማለት ይሰማል።

ትክክለኛው ጊዜ መድረሱን በምን ታውቃላችሁ? ያንኑ ታሪክ ለሁለተኛ ጊዜ መናገር ሲጀምር። ያኔ ከእነዚህ አንዱን ጠይቁ፦

- «ይህን ሁሉ እስካሁን እንዴት ቻልሽው?»
- «ትንሽ ቀለል ያለበት ቀን ነበር?»
- «በሚቀጥለው ሳምንት ትንሽ ቢሻሻል መጀመሪያ በምን ታውቀዋለህ?»

ሥራ ቦታ ላይ «ጥፋቱ የማን ነው?» የሚለውን «በሚቀጥለው ማን፣ ምን፣ መቼ ያደርጋል?» በሚለው ቀይሩት። ተጠያቂነት አይቅር፤ ገንዘብ የጠፋ እንደሆነ ማን እንዳጠፋው መታወቅ አለበት። በየሳምንቱ ለሚዘገይ ሪፖርት ግን በሰዓቱ የደረሰበትን ሳምንት መመርመር ይበልጥ ይጠቅማል።

ብዙ ጊዜ የሚሠሩ ስሕተቶች

ማጽናናትን መፍትሔ ማድረግ። «አይዞህ፣ ሁሉም ያልፋል» ደግ ቃል ነው፤ ከደረጃዎቹ ውስጥ ግን የለም። ደብተሩ ላይ የሚገባው ሰዓትና ሥራ ያለው ነገር ብቻ ነው።

የሰው መፍትሔ መቅዳት። «እገሊት ጄኔሬተር ገዝታ ተገላገለች።» የእገሊት ችግር መብራት ይሆናል፤ የእትዬ ግን አብሲት ነበር። ጄኔሬተር ቢገዙ ኖሮ ገንዘቡ ወጥቶ 4ቱ ቀን እንደዘገየ ይቀር ነበር። ደረጃ 4ን ሳትሠሩ ምንም አትግዙ።

ለራስ በ«ለምን» መጮህ። «ለምን እንዲህ ሆንኩ?» ከሚለው «ምን ባደርግ ይሻለኛል?» የሚለው መልስ ያወጣል። «ለምን» የሚጠቅመው ለዕቃ ነው፦ ምጣዱ ለምን አልሞቀም፣ ሊጡ ለምን ኮመጠጠ።

አንድ ቀን ሲያመልጥ መተው። ማንቂያው ጮሆ ካልተነሣችሁ «አላደረግሁም» ብላችሁ ጻፉና በማግሥቱ ቀጥሉ። ለቀረው ቀን ማካካሻ አትሥሩ።

ትልቁን ችግር በመጀመሪያው ቀን ማንሣት። የ10 ዓመት የቤተሰብ ጠብ ይዛችሁ አትጀምሩ። መጀመሪያ በትንሽ ነገር ተለማመዱ፦ ጠዋት ማርፈድ፣ የቁልፍ መጥፋት፣ የወር አስቤዛ ቀድሞ ማለቅ።

ቁጥሩ ካልተነቃነቀ

ሁለት ሳምንት ሞክራችሁ ቁጥሩ እዚያው ከሆነ ሦስት ነገር አረጋግጡ። አንደኛ፣ ግቡን እንደገና አንብቡት፤ «እንዳይ» ተመልሶ ገብቶ ይሆናል። ሁለተኛ፣ የመረጣችሁት ሥራ ትልቅ ነው? በ7 ቀን ውስጥ ከ3 ቀን በላይ ካልሠራችሁት ትልቅ ነው፤ ግማሽ አድርጉት። ሦስተኛ፣ ግቡ የእናንተ ነው ወይስ የሌላ ሰው? አባቱ የመረጡለትን ትምህርት የሚማር ልጅ ስንት ጊዜ ቢሞክር ቁጥሩ ከ3 አያልፍም። እዚያ ላይ የሚያስፈልገው ከአባቱ ጋር መነጋገር ነው።

ቁጥሩ ከወረደ ደግሞ ያን ቀን ምን እንደተፈጠረ በአንድ መስመር ጻፉ። ቀጥሎ «ወርዶም ለምን ከዚህ በታች አልሄደም?» ብላችሁ ጠይቁና ከደረጃ 5 ቀጥሉ።